እረኛው ከየት ይመጣል?

አንድ መጋቢ አጥቢያውን ሲለቅ በማግስቱ የሚሰማው ጥያቄ በየትም ቦታ አንድ ነው፤ «አሁን ማን ይመጣል?» «ከመካከላችን ማን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይሰማም። በቆቦና በራያ ቆላ ያለን ወንጌላውያን ጥቂቶች ስለሆንን አገልጋይ ከሩቅ ሲመጣ ማየት ለምደናል። ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ተነሥቶ፣ ወልድያን አልፎ፣ ሮቢትን አቋርጦ የሚደርስ ሰው እንጠብቃለን። ሽማግሌዎች ስልክ ይደውላሉ። መዘምራን የሚወዱትን ሰባኪ ስም ያነሣሉ። ወጣቱ በስልኩ ስብከቱን የሰማውን ሰው ይመኛል። በዚህ መካከል ወራት ያልፋሉ፤ በእነዚያም ወራት ጉባኤው ወይ ይበስላል፣ ወይ ይከፋፈላል።

ይህ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በኢትዮጵያ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የበላይ እረኛዋን ከባሕር ማዶ ስትጠብቅ ኖራለች። የዚህ ረጅም ታሪክ አንዱ ምዕራፍ የተዘጋው በእኛው በወሎ ምድር ነው፤ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያንም በምዕራፉ ውስጥ ድርሻ ነበራት። «ይህ የኦርቶዶክስ ታሪክ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» የሚል ወጣት ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲያነብብ እለምነዋለሁ። የክርስትና ታሪካችን ሚስዮናውያን በመጡበት ቀን አልተጀመረምና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዞች ቪካር ሲፈልጉ

ከሩቁ እንጀምር። በእንግሊዝ አገር የአንድ አንግሊካን አጥቢያ ቄስ ብዙ ጊዜ «ቪካር» ይባላል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «በሌላ ቦታ የቆመ፣ ተወካይ» ማለት ነው። በቀድሞው ዘመን ቪካርን የሚመርጠው ጉባኤው አልነበረም። መሬቱን የሰጠ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራ ባለርስት «ቄሱ እገሌ ይሁን» ብሎ ለጳጳሱ የማቅረብ መብት ነበረው። ይህ መብት እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይወረስ ነበር፤ አልፎ ተርፎም ይሸጥና ይገዛ ነበር። ሕዝቡ እረኛው ማን እንደሆነ የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነበር።

ዛሬ ያ አሠራር ተለውጧል። በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ቪካር ሲለቅ የአጥቢያው ምክር ቤት ተሰብስቦ ስለ አጥቢያው ሁኔታ፣ ፍላጎትና ልማድ በጽሑፍ ያዘጋጃል፤ «እኛ ማን ነን? ምን ዓይነት እረኛ ያስፈልገናል?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። ከምእመናን መካከልም ሁለት ተወካዮች ይመርጣል። የማቅረብ መብት ያለው አካል ሰው ቢያቀርብም እነዚህ ሁለቱ ካልተስማሙ ሰውየው በቀላሉ አይሾምም። ጳጳሱም የራሱ ድምፅ አለው። ወንበሩ ባዶ በሆነባቸው ወራት አጥቢያውን የሚጠብቁት ከምእመናን የተመረጡ ኃላፊዎች ናቸው።

እንግሊዞች እዚህ ለመድረስ ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ሥርዓታቸውን እንድንገለብጥ አልጻፍሁትም። ሦስት ጥያቄዎችን ግን ከእነርሱ እንውሰድ፤ እረኛ የሚጠይቀው ማን ነው? የሚልከውስ ማን ነው? የሚስማማውስ ማን ነው? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የራሳችንን ታሪክ እንመርምር።

ሊጠይቅ ሄዶ የተላከው

የመጀመሪያው ታሪክ ውብ ነው። ፍሬምናጦስ ከጢሮስ አካባቢ የተነሣ ልጅ ነበር፤ የተሳፈረበት መርከብ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተጠቅቶ ከወንድሙ ጋር ተማርኮ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ገባ። በዚያ አደገ፤ ቋንቋውን ተማረ፤ ሕዝቡን ወደደ። ነጻ በወጣ ጊዜ ወደ አገሩ አልሄደም። ወደ እስክንድርያ ሄዶ፣ በ328 ፓትርያርክ ከሆነው ከአትናቴዎስ ፊት ቆመ፤ በአክሱም ያሉት ክርስቲያኖች እረኛ እንደሌላቸው አስረድቶ ጳጳስ እንዲላክላቸው ለመነ።

አትናቴዎስና ካህናቱ ጉዳዩን መከሩበት። ሕዝቡን የሚያውቅ፣ ቋንቋቸውን የሚናገር፣ ስለ እነርሱም ይህን ያህል መንገድ የመጣ ሰው በፊታቸው ቆሟል፤ ከእርሱ የሚሻል ከየት ይገኛል? እርሱኑ ጳጳስ አድርገው ቀብተው መለሱት። እኛ «አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን» የምንላቸው እርሳቸው ናቸው።

አስተውሉ፤ ጠያቂውም መልሱም አንድ ሰው ነበር። የአክሱም ሰዎች የመጀመሪያ ጳጳሳቸውን ያገኙት ከመካከላቸው ነው። ትውልዱ ከውጭ ቢሆንም ያደገው በመካከላቸው፣ ያገለገለውም በመካከላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ይህ ምሳሌ ተረሳ። «ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ አይሹሙ» የሚል ድንጋጌ በ325 በኒቅያ ጉባኤ እንደ ወጣ ተደርጎ ተጻፈ፤ በፍትሐ ነገሥትም ገብቶ እንደ ሕግ ተያዘ። ነገር ግን በኒቅያ ጉባኤ ጊዜ ፍሬምናጦስ ገና አልተሾመም ነበር፤ ኢትዮጵያ አንድም ጳጳስ አልነበራትም። ገና ስላልነበረ መንበር በኒቅያ እንዴት ይደነገጋል? የታሪክ ሊቃውንት ድንጋጌው በኋላ ዘመን የተጨመረ እንደሆነ የሚያስረዱት በዚህ ዓይነት ምክንያት ነው። ሐሰተኛ ሕግ አንድ ጊዜ በመጽሐፍ ከገባ ግን ስንት ዘመን እንደሚያስር ታያላችሁ። ከዚያ ወዲህ ጳጳስ በሞተ ቁጥር ንጉሡ ወርቅና ስጦታ አስይዞ መልእክተኛ ወደ ግብጽ ይልካል፤ አንድ ግብጻዊ መነኩሴ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም ሕዝቡን በአስተርጓሚ ያነጋግራል።

ወንበሩ ባዶ የሆነበት ዘመን

አሁን ወደ 19ኛው መቶ ዓመት እንምጣ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት በስም ተቀምጧል፤ ሥልጣኑን የያዙት ግን ከጎረቤታችን ከየጁ የተነሡት ራሶች ናቸው። በ1820ዎቹ መጨረሻ ገደማ አቡነ ቄርሎስ ዐረፉ። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ አገሪቱ ጳጳስ አልነበራትም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ለወንጌላውያን ወዲያው ላይገባን ይችላል። ጳጳስ ከሌለ ዲያቆን አይሾምም፤ ቄስ አይሾምም፤ ታቦት አይባረክም። የሞተውን ቄስ የሚተካ አይገኝም። አሥር ዓመት ማለት አንድ ሕፃን ተወልዶ ለድቁና የሚደርስበት ዕድሜ ነው። ሊቃውንቱም በክርስቶስ ልደት ትምህርት በተዋሕዶ፣ በቅባትና በጸጋ ተከፋፍለው ይከራከሩ ነበር፤ ገላጋይ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ጳጳስ ለማስመጣት የተነሡት የትግሬና የሰሜን ገዢ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። በ1841 መልእክተኞች ወደ ካይሮ ላኩ። ከመልእክተኞቹ ጋር አብሮ የሄደው ደግሞ የካቶሊኩ ሚስዮናዊ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበር። የኦርቶዶክስ ጳጳስ ለማምጣት ካቶሊክ መሪ! እርሱ በበኩሉ መንገዱ ወደ ሮም እንዲመራለት ተስፋ ያደርግ ነበር።

ፓትርያርክ ጴጥሮስ ሰባተኛ የመረጡት ሰው እንድርያስ የሚባል ገና ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ነበር። ይህ ወጣት በካይሮ የአንግሊካን የቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር ባቋቋመው፣ ሚስዮናዊው ሊደር በሚመራው ትምህርት ቤት የተማረ ነው። ማኅበሩ ኢትዮጵያን አስቀድሞ ያውቃት ነበር። አባ አብርሃም ወይም አቡ ሩሚ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የተረጎሙትን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከግብጽ ገዝቶ ለኅትመት ያበቃው የዚሁ ማኅበር ሰው ነው፤ ሳሙኤል ጎባንና ኢዘንበርግን የላከውም እርሱ ነው። እንድርያስ ተቀብቶ «አቡነ ሰላማ» ተባለ፤ የዚያ የመጀመሪያው እረኛ ስም ነው የተሰጠው። በ1841 መጨረሻ ዓድዋ ደረሱ።

አሁን የፈላጊዎቹን ልብ ተመልከቱ። ደጃዝማች ውቤ ዘውድ የሚደፋላቸው ጳጳስ ፈለጉ። ደ ያቆቢስ ለሮም በር የሚከፍት ሰው ፈለገ። የአንግሊካን ሚስዮናውያን «የእኛ ተማሪ ነው፣ ለወንጌል በር ይከፍታል» ብለው ተስፋ አደረጉ። እያንዳንዱ በአንድ ወጣት ትከሻ ላይ የራሱን ሸክም ጫነ። በየገጠሩ ቄስ አጥቶ የተቀመጠው ገበሬ ምን እንደሚያስፈልገው ግን የጠየቀው አልነበረም።

በወሎ መንገድ የተዘረፈው

ውጤቱ ለመታየት አልዘገየም። ጳጳሱ በገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በፌብሩዋሪ 1842፣ ደጃዝማች ውቤ የጳጳሱን ድጋፍ ይዘው በደብረ ታቦር ከየጁው ራስ ዓሊ ጋር ተዋጉ። ድል ያደረጉ መስሏቸው ሲደሰቱ ራሳቸው ተማረኩ፤ ጳጳሱም በራስ ዓሊ እጅ ገቡ። አገሩ ታመሰ።

ልክ በዚያን ጊዜ፣ በማርች 1842፣ ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ የሚባል የዚያው የአንግሊካን ማኅበር ሚስዮናዊ ከሸዋ ከአንኮበር ተነሣ። ሐሳቡ በጎንደር በኩል አልፎ አዲሱን ጳጳስ ለማግኘት፣ ከዚያም ወደ ባሕር ለመውረድ ነበር። መንገዱ በጦርነት ምክንያት ስላላስኬደው ከወሎ ተመለሰ። ሲሄድ በደግነት ያስተናገደው አደራ ቢሌ የሚባል የወሎ ሹም ሲመለስ ግን ያዘው፤ ያለውን ሁሉ ዘርፎ ሰደደው። ክራፍ ባዶ እጁን፣ እየለመነ፣ በሐይቅ አጠገብ አልፎ፣ የጁን አቋርጦ፣ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል አድርጎ ወደ አንጣሎና ወደ ዓድዋ ከዚያም ወደ ምጽዋ ወረደ። ዛሬ ከቆቦ ሆነን ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን የምናያቸው ተራሮች ያንን ጫማ ያለቀበት መንገደኛ አይተውታል።

ክራፍ ወደ ሸዋ ሊመለስ ቢሞክርም ተከለከለ። በ1844 ወደ ሞምባሳ ሄደ፤ የኬንያ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጅማሬዋን የምትቆጥረው ከእርሱ ነው። በወሎ የተዘጋው በር በሌላ ቦታ ተከፈተ።

ከደረስጌ እስከ መቅደላ

አቡነ ሰላማስ? በ1846 በትምህርት ክርክሩ ምክንያት ከጎንደር ተባረሩ። ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ጋር ተጋጩ። ካቶሊኮቹን በብርቱ ተቃወሙ። ወደ ካይሮ ከሄዱት መልእክተኞች መካከል የነበሩት አባ ገብረ ሚካኤል በኋላ ካቶሊክ ሆነው በ1855 በእስር እንዳሉ ሞቱ። ሊያመጧቸው የሄዱት ሰው ባመጧቸው ጳጳስ ዘመን በእምነታቸው ምክንያት ታስረው ማለፋቸው ልብ የሚሰብር ነገር ነው።

ደጃዝማች ውቤ ለዘውዳቸው ብለው የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። በፌብሩዋሪ 1855 ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ጦርነት ውቤን ድል አደረጉ፤ በሁለተኛው ቀን አቡነ ሰላማ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ካሣን ቀብተው «ቴዎድሮስ» ብለው አነገሡ። ውቤ ያስመጧቸው ጳጳስ፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤን የማረከውን ሰው ቀቡ። እረኛን ለራሱ ጥቅም የሚያስመጣ ሰው መጨረሻው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱና ጳጳሱም አልተስማሙም። አጼ ቴዎድሮስ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ በተነሡ ጊዜ ጠቡ ከረረ። በመጨረሻ አቡነ ሰላማ በመቅደላ አምባ ታሰሩ። በዚያው አምባ ላይ ሄንሪ ስተርን የሚባል የአንግሊካን ቄስና ሌሎች አውሮፓውያን እስረኞችም ነበሩ። የካይሮው የአንግሊካን ትምህርት ቤት ተማሪና የአንግሊካኑ ቄስ በአንድ የወሎ ተራራ ላይ እስረኞች ሆኑ። አቡነ ሰላማ በ1867 እንደታሰሩ ዐረፉ። ያ በሃያ ዓመት ዕድሜው በብዙዎች ተስፋ ተጭኖ የመጣ ወጣት ሃምሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ታሪኩ በወሎ ምድር ተዘጋ።

በእርሳቸው ላይ ለመፍረድ አንቸኩል። ስሕተት ነበራቸው፤ ግን ማን ነው እንዲህ ያለውን ሸክም በዚያ ዕድሜ የሚችለው? እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የምጠይቀው ስለ ፈላጊዎቹ ነው። እነዚያ ሁሉ ዓመታት ሲያልፉ በጎንደር፣ በጎጃም፣ በሐይቅ ገዳም ሊቃውንትና መነኮሳት ነበሩ። መጽሐፍ የሚያውቁ፣ ሕዝቡን የሚያውቁ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ። በደጅ ቆመው ሳሉ ዓይን ሁሉ ወደ ባሕር ያይ ነበር።

የወሎው እረኛ

ለውጡ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። አጼ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ ቢያስመጡም አራቱም ግብጻውያን ነበሩ። በ1929 ግን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ ተቀቡ። ከእነርሱ አንዱ የሰላሌው ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ፤ መንበራቸውም ደሴ ሆነ። ስለዚህ ወሎ የአገር ልጅ ጳጳስ ካገኙት የመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ናት።

መጨረሻቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጣልያን «ሕዝቡ እንዲገዛልን ስበክ» ባላቸው ጊዜ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። እረኛ ከመንጋው ጋር እስከ ምን ድረስ እንደሚቆም አሳዩ።

እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ከአቡነ ጴጥሮስ ጋር ከተቀቡት መካከል የነበሩት አቡነ አብርሃም የጣልያንን ሹመት ተቀበሉ። ሁለቱም የአገር ልጆች፣ ሁለቱም በአንድ ዘመን የተሾሙ ናቸው። ስለዚህ «የራሳችን ሰው ይሁን» ማለት ብቻውን አይበቃም። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሽማግሌዎችና ስለ ኤጲስ ቆጶሳት ሲናገር ትውልድን አይጠይቅም፤ ኑሮን፣ ቤትን፣ ትዕግሥትን፣ በውጭ ያሉት ስለ ሰውየው የሚመሰክሩትን ይጠይቃል። የቅርብ ሰው የሚጠቅመው ኑሮው ስለሚታይ ነው። ከሩቅ የመጣን ሰው የምናውቀው በስብከቱ ነው፤ ከመካከላችን ያደገን ሰው የምናውቀው በድርቅ ዓመት ባደረገው ነው።

አርባ ስምንት ሰዎች

የራሳችንም የወንጌላውያን ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በወላይታ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን አገልጋዮች በ1928 ሥራ ጀመሩ። በ1937 በጣልያን ወረራ ምክንያት ተገደው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ሚስዮናውያኑ «ያለ እኛ ምን ይሆናሉ?» ብለው አለቀሱ።

በ48ቱ ሰዎች መካከል ግን እረኞች ነበሩ። ብሩ ዱባለ፣ ዋንዳሮ ዳባሮና ሌሎችም ጉባኤውን ያዙ። ዋንዳሮ ታሰረ፣ ተገረፈ፤ ሆኖም ከመንጋው አልሸሸም። ጉባኤዎቹ ሽማግሌዎቻቸውን ራሳቸው መረጡ፤ ወንጌላውያን ወደ ጎረቤት ላኩ። ጣልያን ወጥቶ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። ወንበሩ ባዶ የመሰለበት ዘመን ቤተ ክርስቲያኒቱ እጅግ ያደገችበት ዘመን ሆነ።

በምዕራብም በደምቢ ዶሎ በልጅነቱ በፈንጣጣ ዓይኑን ያጣ ጊዳዳ ሶለን የሚባል ሰው ነበር። በዓለም ዓይን ለእረኝነት የሚታጭ አልነበረም። ቄስ ጊዳዳ ግን የቤቴል ቤተ ክርስቲያን አባት ከሚባሉት አንዱ ሆኑ። ጉባኤው በመካከሉ ያለውን ሰው ማየት ስለቻለ ነው።

ዛሬ በአገራችን ያሉት አንግሊካኖች አብዛኞቹ በጋምቤላ ናቸው። በዚያ ለአጥቢያዎቻቸው አገልጋዮች የሚያሠለጥኑበት ኮሌጅ አላቸው፤ ስሙም በፍሬምናጦስ ተሰይሟል። ሊጠይቅ ሄዶ የተላከው ሰው ስም ከጋምቤላ ልጆች እረኞች በሚወጡበት ቤት ላይ መሰቀሉ ተገቢ ይመስለኛል።

ለራያ ወጣቶች

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በራያ ቆላ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ የሚቀጥለውን ዓመት ዘር አውድማ ላይ አይመርጥም። ማሽላው ገና በማሳው ቆሞ ሳለ በመካከሉ እየተመላለሰ ያያል። አገዳው ጠንካራ፣ ዛላው የሞላ፣ ዝናብ ያጠረበትን ዓመት የቻለውን ለይቶ ይቆርጣል፤ ለብቻው ያስቀምጣል። ከጎረቤት የተሻለ ዘር ቢያገኝ አይጠላም፤ ግን የራሱን ሳይለይ ክረምት አይገባም።

አጥቢያም እንዲሁ ናት። መጋቢው ከሄደ በኋላ የሚጀመር ፍለጋ ዘግይቷል። ፍለጋው የሚጀመረው መጋቢው ገና በወንበሩ ሳለ ነው፤ ከወጣቶቹ ማን ይታመናል፣ ማን በሽተኛ ይጠይቃል፣ ማን ሲሰደብ ይታገሣል፣ ማን ቃሉን ሲያጠና ያመሻል ብሎ በመመልከት። የአንጾኪያ ጉባኤ በርናባስንና ሳውልን ለይታ የላከቻቸው በመካከልዋ ሲያገለግሉ ሳለ ነው። በኢየሩሳሌምም የሰባቱ አገልጋዮች ጉዳይ በተነሣ ጊዜ ሐዋርያት ለሕዝቡ «ከመካከላችሁ ፈልጉ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናገሩ፤ ሕዝቡ መረጠ፣ ሐዋርያት እጅ ጫኑ። በዚያ ሦስቱም ጥያቄዎቻችን መልስ አላቸው። የጠየቀው የተቸገረው ሕዝብ ነው፤ የላከው መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያቱ እጅ ነው፤ ጉባኤውም ተስማማ።

ይህን ስል ከሌላ ቦታ የሚመጣ አገልጋይ አይምጣ ማለቴ አይደለም። ፍሬምናጦስም ከሌላ አገር ነበር። ጌታ ከሩቅ ሰው ቢልክልን በደስታ እንቀበል፤ ቤት እንስጠው፤ ቋንቋችንንና ልማዳችንን እናስተምረው። ግን የመጣውን ሰው የመዘምራን ወገን፣ የሽማግሌዎች ወገን፣ የወጣቶች ወገን እያልን እንደ ደጃዝማች ውቤና እንደ ሚስዮናውያኑ የየራሳችንን ሸክም አንጫንበት። መቅደላን አንርሳ።

ወንበሩ ባዶ በሆነበት ጊዜም ሥራ አይቁም። የሰንበት ትምህርት ይቀጥል፤ የታመመ ይጎብኝ፤ የተጣላ ይታረቅ። በራያ ዘወልድ በሚባለው ሽምግልና ደም የተቃባን ሰው የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ከመካከላችን የታወቁ ሰዎች ናቸው፤ ኑሯቸው ስለሚታወቅ ቃላቸው ይሰማል። በጌታ ቤትስ ከዚህ ያነሰ ልንፈልግ ነውን?

ይህን የምታነብብ ወጣት ሆይ፤ ምናልባት አንተ ወይም አንቺ ሰው ይመጣል ብላችሁ በር በሩን እያያችሁ ይሆናል። ፍሬምናጦስም ሌላ ሰው ሊጠይቅ ነበር የሄደው።

ለቡድን ውይይት

1. በአጥቢያችን «ምን ዓይነት እረኛ ያስፈልገናል?» ተብሎ ተጠይቆ ያውቃል? ዛሬ መልሱን በአምስት መስመር ጻፉ።
2. ለአቡነ ሰላማ ዘመን ፈላጊዎች አንድ ምክር ብትሰጡ ምን ትሏቸው ነበር? ያንኑ ምክር ለራሳችን እንዴት እንጠቀምበት?
3. ከመካከላችን ጌታ እያዘጋጀው ያለ የሚመስላችሁ ሰው አለ? ስሙን ሳትጠሩ በዚህ ሳምንት ጸልዩለት፤ በሥራም አግዙት።